ጥያቄ ቁጥር አሥራ አራት

ለአባቴ ታናሽ ወንድም፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን ልጠይቅ። ጉልበትዎ ደረጃ ሲወጡ እሺ ይልዎታል? ደም ግፊትዎስ ተመለሰ? ዓይንዎ ያለ መነጽር ያነባል ወይስ ይህን ደብዳቤ ሰው ነው የሚያነብልዎ? ሰው ከሆነ እዚህ ላይ ያስቁሙትና መነጽርዎን ይፈልጉ፤ የተጻፈው ለእርስዎ ብቻ ነው። ጆሮዎስ እንዴት ነው? ስለ ጆሮዎ የምጠይቀው ከልቤ ነው። የአባቴ ጆሮ ደንቁሯል ብለው የመሰከሩት እርስዎ ነዎትና ወንድምየውን እንዴት እንደያዘው ማወቅ እፈልጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እናቴም አለች። ልቧ ደክሟል፣ ሐኪሙም ብዙ ተስፋ አልሰጠንም፤ መስኮት ዳር ተቀምጣ መንገደኛ ስታይ ትውላለች። የእሷ ጆሮ ግን እስካሁን ፍንክች አላለም።

አንቱ ስልዎ ይገርምዎ ይሆናል። ልጅ ሆኜ አንቱ ካልኩዎ፣ ገና ሚስት ሳላገባ አታስረጂኝ ብለው ይቆጡኝ ስለነበር ጋሼ፣ አንተ እያልኩ ነው ያደግኩት። አሁን እርጅናውም መጥቷል፣ ቅርበታችንም አልቋል። አውቶቡስ ላይ ተነስቼ ወንበር እንደምለቅለት እንደማንኛውም ሽማግሌ አንቱ እልዎታለሁ።

የምጽፍልዎ ልጅዎ ስለጻፈችልኝ ነው። አይደንግጡ፤ የአጎቷ ልጅ መሆኔን አታውቅም። ወንድም እንደነበርዎ እንኳ የነገሯት አይመስለኝም። የጻፈችው የአሥራ አንደኛ ክፍል የፊዚክስ መጽሐፍ ጀርባ ላይ ባለው አድራሻ፣ ለመጽሐፉ አዘጋጆች ብላ ነው። አዘጋጆቹ ሦስት ነን፤ ደብዳቤው እኔ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። የእጅ ጽሑፏ የአባቴን ይመስላል። ይሄ ብቻውን ግማሽ ቀን ሥራ አስፈታኝ።

እንዲህ ትላለች። ከሞገድ ምዕራፍ ጥያቄ ቁጥር አሥራ አራትን ሠራች። አባቷ ሠላሳ ዓመት ድንጋይ ካባ ውስጥ የሠራ ሰው ስለሆነ ደስ ይለዋል ብላ መልሷን ወስዳ አሳየችው። ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ፊቱ ተለዋወጠ። ከዚያ መጽሐፉን ግድግዳ ላይ ወረወረውና፣ ይህን የጻፉት ሰዎች ካባ በዓይናቸው አይተው አያውቁም፣ ወፍራም ድምፅ ቀጭኑን ይቀድማል፣ ይሄንን ሕፃን ያውቀዋል አላት። እሷም ትጠይቀናለች፤ ትክክል ማን ነው? እኔ ወይስ አባቴ? የመጽሐፉ ጥራዝ እንደተላቀቀና በሙጫ እንዳጣበቀችው ጭምር ጽፋልኛለች።

ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። አልዋሽዎትም፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። የተወረወረውን መጽሐፍ ድምፅ እዚህ ሆኜ የሰማሁት መሰለኝ።

ጥያቄዋን የጻፍኳት እኔ ነኝ። ቢወረውሯትም በቃልዎ እንደያዟት አልጠራጠርም፤ ቢሆንም ልድገምልዎ። አንድ የድንጋይ ካባ አለ። ድንጋዩ በድማሚት ከመፈንዳቱ አንድ ደቂቃ በፊት ሳይረን መጮህ አለበት። ከካባው አንድ ሺህ ሦስት መቶ ስልሳ ሜትር ርቃ ኮረብታ ላይ የቆመች ተማሪ አቧራው ሲነሳ አየች። ከአራት ሰከንድ በኋላ ፍንዳታውን ሰማች። ከዚያ ስድስት ሰከንድ ቆይቶ ሳይረኑን ሰማች። የሳይረኑ ጠባቂ ግን፣ እኔ በሰዓቱ አስጩኼአለሁ፣ ወፍራሙ ድምፅ ቀጭኑን ስለሚቀድም ነው ሩቅ ያሉት ዘግይተው የሰሙት ይላል። የጠባቂው ቃል እውነት ሊሆን ይችላል? በስሌት አሳዩ።

አብረውኝ ያዘጋጁት ሁለት መምህራን ጥያቄዋ ረዘመች፣ እንሰርዛት ብለውኝ ነበር። እሷ ከወጣች እኔም እወጣለሁ አልኳቸው። ለአንዲት ጥያቄ ይሄ ሁሉ ግግም ምንድን ነው ብለው ሳቁብኝ፣ እኔም አብሬአቸው ሳቅኩ፣ ጥያቄዋ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። አሁን በየዓመቱ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ሁሉ እርሳሱን ቀርጾ ውሸትዎን ያሰላል። ስምዎን አልጻፍኩም። ክስ ፈርቼ እንዳይመስልዎ፤ የአባትዎ ስም የእኔም አያት ስም ስለሆነ ነው።

እንደዚህ ቂም እንድይዝብዎ ያደረገኝ አንዱ ነገር በጣም እወድዎ የነበረ መሆኑ ነው። ስለ ብርሃን መጀመሪያ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። የመላጫ መስታወትዎ ወድቆ ለሁለት ሲሰበር ግማሹን ለእኔ ሰጡኝ፣ ግማሹን ሳይረኑ ያለበት የቆርቆሮ ጎጆ ውስጥ ሰቀሉ። ብርሃን መስታወት ላይ ባረፈበት ማጋደል ልክ ነው ወደ ማዶ የሚመለሰው እያሉ፣ እጄን ይዘው መስታወቱን ማዘንበል አለማመዱኝ። የእርስዎ ጎጆ ከካባው በላይ ጉብታው ላይ፣ የእኔ ትምህርት ቤት ማዶ ኮረብታው ላይ። በምሳ ዕረፍት አጥሩ ጋ ሄጄ ሦስት ጊዜ ሳብለጨልጭ አለህ ወይ ማለት ነበር። እርስዎ ሁለት ጊዜ ሲመልሱ አለሁ። ጓደኞቼ በቅናት ይሞቱ ነበር። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ከእኔ በቀር ከአጎቱ ጋር በፀሐይ የሚነጋገር ልጅ አልነበረም።

የዚያን ቀን ነገር እንግዲህ ያውቁታል፤ እኔም እንደማውቀው ደግሞ ይስሙ። የአካባቢው ሰው ሁሉ ሰዓቱን የሚሞላው በካባው ፍንዳታ ነበር፣ ልክ ስድስት ሰዓት። ድማሚቱን የሚያፈነዳው ሰው ከጉብታው ጀርባ፣ ከድንጋይ መፍጫው ማሽን አጠገብ ነው የሚቆመው። እዚያ ሰው የራሱንም ድምፅ አይሰማም፤ ስለዚህ ሰዓቱን አይቶ ብቻ ይጫናል። ካባው ውስጥ ላለ ሰው ያለው ሳይረን ብቻ ነው። የእርስዎ ሥራ ሁለት ነገር ነበር፤ ሰዓት ማየትና ሳይረን ማዞር። ሌሎቹ ለምሳ ቀደም ብለው ወጥተዋል። አባቴ ለነገ የሚፈልጋቸውን መሰርሰሪያዎች ሊሰበስብ ተመለሰ፤ ወንድሜ ጉብታው ላይ ነው፣ ሳይረኑ ሲጮህ እወጣለሁ ብሎ።

እኔ እንደወትሮዬ አጥሩ ጋ ነበርኩ። አቧራው ነጭ ሆኖ ሲነሳ አየሁ። ድምፁ ገና አልደረሰም። በእነዚያ አራት ሰከንዶች አባቴ ሞቷል፣ ለእኔ ግን ገና በሕይወት ነበር። ከዚያ ፍንዳታው ደረሰ፣ አጥሩ በእጄ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ደግሞ፣ ሁሉም ነገር ጸጥ ካለ በኋላ፣ ሳይረንዎ ጮኸ። ለማን ነበር ያዞሩት? አባቴ እንዲወጣ ነው? ወይስ በኋላ የሚጠይቁዎ ሰዎች ሳይረን ነበር ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ ነበር ለማለት? እጀታውን ሲያዞሩት ምን እያሰቡ እንደነበር ለማወቅ የዕድሜዬን ግማሽ ሰጥቻለሁ።

ከዚያ የምርመራው ቀን መጣ። ሦስት ሰዎች ከጠረጴዛ ጀርባ፣ እናቴ በጥቁር ልብስ፣ እኔ እጇን ይዤ። እናቴ የምታውቀውን ተናገረች። ፍንዳታውን ሰማሁ፣ ደነገጥኩ፣ ድስቱን መሬት አስቀምጬ በር ላይ ስደርስ ነው ሳይረን የጮኸው አለች። እርስዎ ተነሱ። ዓይንዎን በጨው አጥበው፣ እህቴ እውነቷን ነው፣ ግን ቤቷ ሩቅ ነው፣ የድማሚት ድምፅ ወፍራም ስለሆነ ይፈጥናል፣ የሳይረን ድምፅ ቀጭን ስለሆነ ይዘገያል አሉ። መሃል ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ብዕሩን እየነከሰ ራሱን ነቀነቀ። ሟቹ ለምን አልወጣም ሲሉዎ ደግሞ፣ ወንድሜ ከመሰርሰሪያ ጋር ኖሮ ጆሮው ደንቁሮ ነበር አሉ። እናቴ የተማረችው እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ዞር ብላ እኔን አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር።

አባቴ ደንቆሮ። እግዜር ያሳይዎ። አባቴ እኮ ድንጋይን በመዶሻ ጫፍ ኳ አድርጎ ጆሮውን አስጠግቶ፣ ይሄ ሆዱ ውስጥ ስንጥቅ አለው፣ ይሄ ጤነኛ ነው የሚል ሰው ነበር። ጤነኛው ድንጋይ ይጮሃል፣ የተሰነጠቀው ያጉረመርማል፤ ስንጥቁ ላይ ሞገዱ ይደናቀፋል። እኔ ይህን ዛሬ በሥዕል ነው የማስተምረው፣ እሱ በጆሮው ያውቀው ነበር። ስንት ካባ ሠራተኛ አንተ ስማልን እያለ ይጠራው ነበር፣ እርስዎም ጭምር። የጆሮውን ጥራት ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁ ነበር፣ ለዚህ ነው ይሄንን ከሁሉ አስበልጬ የያዝኩብዎ። መግደልስ በስህተትም ይገደላል። ሬሳው ላይ ቆሞ ስም ማውጣት ግን ታስቦ ነው የሚደረገው።

መዝገቡ ላይ፣ ሟች ማስጠንቀቂያውን ባለመስማቱ በራሱ ቸልተኝነት ሕይወቱ አለፈ ተብሎ ተጻፈ። በራሱ ቸልተኝነት ለሞተ ሰው ቤተሰብ የካባው ድርጅት ቤት አይገባውም ተባለና በወሩ ወጣን። እናቴ የሆቴል አንሶላ ስታጥብ እጇ ተላላጠ። እርስዎ የደኅንነት ኃላፊ ሆኑ። ይህን ስሰማ እንኳ አላለቀስኩም፤ ሳቄ መጣ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ስደርስ የፊዚክስ መምህራችን፣ ከኪሱ ጠመኔ የማይጠፋ ቀጭን ሰው፣ አንድ ቀን ክፍሉን በሙሉ ይዞ ሜዳ ወጣ። ማዶ የትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ቡድን ይለማመዳል። ከበሮ መቺውን እዩት አለን። ዱላው ከበሮውን ሲነካ እናያለን፣ ድምፁ ትንሽ ቆይቶ ይመጣል። ብርሃን ይህን መንገድ ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ አይቆይበትም፣ ድምፅ ግን አየሩን እየገፋ፣ የተገፋውም አየር ሌላውን እየገፋ ነው የሚደርሰን አለ። ይሄንንስ ቀድሜ አውቄው ነበር፣ ባላውቀው እመርጥ ነበር። ከዚያ ግን፣ አሁን ዓይናችሁን ጨፍኑና ስሙ አለ። ከበሮው ወፍራም ነው፣ ዋሽንቱ ቀጭን ነው፤ የትኛው ቀደመ? ጨፍነን ሰማን። ማንም ማንንም አልቀደመም። ቢቀድም ኖሮ ዘፈኑ እዚህ እስኪደርስ ይበታተን ነበር፣ ከበሮው ጨርሶ ሲሄድ ዋሽንቱ ገና ይጀምር ነበር አለ። ወፍራምና ቀጭን ማለት አየሩ በሰከንድ ስንት ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው እንጂ የፍጥነት ነገር አይደለም አለ።

እጄን አወጣሁ። ፍንዳታና ሳይረንስ? ያው ነው አለኝ። አንዱ ከአንዱ በጣም ቢጮህስ? ያው ነው። ነፋስ ቢኖርስ? ሁለቱንም እኩል ይገፋቸዋል። ሳይረኑ ከካባው ይልቅ ለሰሚው ቢቀርብስ? እንግዲያው ጭራሽ ቀድሞ ይደርሳል አለኝ። አራት ጊዜ ነው የጠየቅኩት። ደደብ ሳልመስለው አልቀረሁም፤ ደጉ ሰውዬ ግን አራቱንም ጊዜ በትዕግሥት መለሰልኝ። እኔም እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ሳይረንዎ በሰዓቱ ጮኾ፣ እናቴ ጆሮ ጋ ግን ከፍንዳታው በኋላ እንዲደርስ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ መንገድ ላይ መቆየት ነበረበት። በአንድ ደቂቃ ድምፅ ሃያ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ቤታችን ከጎጆዎ ስድስት መቶ እርምጃ ነበር።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። አንሶላ እየጨመቀች ነበር። መጭመቋን አላቆመችም፤ እኔማ ሰምቻለሁ ብያቸው ነበር አለች። የዚያን ቀን ነው ፊዚክስ መምህር እሆናለሁ ያልኩት። ሰዎች ሲጠይቁኝ ተፈጥሮን ስለምወድ ነው እላለሁ።

እንግዲህ የምፈልገውን ልንገርዎ። ለልጅዎ እስካሁን መልስ አልጻፍኩም። እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቃለሁ። እስከዚያ ድረስ እርስዎ በእጅዎ፣ በስምዎ፣ ሳይረኑ የጮኸው ከፍንዳታው በኋላ ነው፣ የወንድሜም ጆሮ ጤነኛ ነበር ብለው ለድርጅቱ ይጽፋሉ፣ ግልባጩን ለእናቴ ይልካሉ። እናቴ የምትለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ የመዝገቡ መስመር ከአባትሽ ስም ላይ ተሰርዞ ሳታነቢልኝ እንዳልሄድ ትለኛለች። ካልጻፉ ግን የልጅዎን ደብዳቤ እኔ እመልሳለሁ። አንቺ ነሽ ትክክል እላታለሁ፣ ከዚያ ጠባቂው ማን እንደሆነ፣ የሞተው ማን እንደሆነ እነግራታለሁ። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ራሴ እነግራት ነበር። እንደዚህ ዓይነት ነገር ከባዳ ሲሰማ ክፉ ነው፤ እኛ ያየነው ነው። ጆሮ ዳባ ልበስ እላለሁ ብለው እንዳያስቡ፣ ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቀች ሴት ወር አይረዝምባትም።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ ልዘጋው ነበር፤ ፖስታውንም አሽጌው ነበር። መልሼ ቀደድኩት። ምክንያቱም ልጅህ ከግርጌ ሌላ ጥያቄ ጨምራለች። ጠባቂው ለምን ዘገየ? ትለኛለች። ተኝቶ ነበር? ሰክሮ ነበር? ጥያቄው ይህን አይነግረንም፣ ሥራው ሰዓት ማየት ብቻ ከሆነ ዓይኑ ምን ላይ ነበር? ጎበዝ ልጅ ናት። ሁለት መምህራን ያላዩትን አየች።

አልተኛህም ነበር፣ አልሰከርክም ነበር። አውቃለሁ። ሦስቱ ሰዎች ያን ቀን ለምን ብለው ቢጠይቁህ የምትለው ነበረህ፤ ጥፋቱን የሚካፈልህ ሰው ነበረህ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ የእናቷን እጅ ይዛ። አላልክም። ስለ ወፍራምና ቀጭን ድምፅ ስትቀባጥር አንድም ጊዜ ወደ እኔ አላየህም። ይህን ሁሉ ዓመት ለራስህ ብልጠት ነው ብዬ ነው የያዝኩት። እንደዚያ ብዬ ካልያዝኩት ቂሙን መያዝ አልችልም ነበር። ልጅህ ይህን ከጠየቀችኝ ወዲህ ግን እርግጠኛ አይደለሁም፣ በዚህም ደግሞ ተናድጄብሃለሁ።

ቀኑ ደመና አልነበረውም ጋሼ። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። መጀመሪያ፣ ከአጥሩ ጋ፣ ሦስት ጊዜ። ትንሽ ቆይቶ፣ ከጉብታው ላይ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ አቧራው።

ስለዚህ ስትጽፍ ሁሉንም ጻፍ። ለእኔ ብለህ የምታስቀረው ነገር አይኑር። ግልባጩን ለእናቴ የማነብላት እኔ ነኝ፣ ጮክ ብዬ ነው የማነብላት። እሷ ከጠየቀችኝ እመልስላታለሁ፤ ያኔ እንዳደረግኩት መሬት መሬት አላይም።

በወረቀት ጠቅልዬ ከደብዳቤው ጋር የላክሁትን ታውቀዋለህ። ግማሹ ነው፤ ሌላው ግማሽ ምን እንደሆነ አላውቅም። ጠርዙ እስካሁን ስለት ነው፣ ቀስ ብለህ ፍታው።

ይህን ጽፈህ እስክትጨርስ እጅህን አያንቀጥቅጠው፣ ዓይንህን አያድክመው። ልጅህን ያሳድግልህ። ለእናቴም እስከ ወሩ መጨረሻ ዕድሜ ይስጣት።

የወንድምህ ልጅ